የጀይላን የጭን ብረት

እኔ ረቢአ እባላለሁ፤ የጀይላን ታላቅ እህት ነኝ። ከሚሴ ገበያ ወርዳችሁ "ብረቱ ጀይላን" ብላችሁ ብትጠይቁ አንዱ "ኩባዎች የታንክ ብረት ጭኑ ውስጥ የከተቱለት ሰውዬ" ይላችኋል፤ ሌላው "ጥይት እንኳ የማይበሳው" ይላል። ውሸታም ሁላ! ጭኑ ውስጥ ብረት መግባቱ እውነት ነው። የቀረው ወሬ ነው። እኔ ደግሞ በወንድሜ ላይ ወሬ ሲቆለል ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም፤ ስለዚህ የሆነውን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ጀይላን ተሸካሚ ነበር። እርሻ አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ እንደማንኛችንም ማሽላውን ይዘራል፣ በሬዎቹን ይጠምዳል። ሰው የሚያውቀው ግን በትከሻው ነው። በገበያ ቀን ከሚሴ ወርዶ ኩንታል ከመኪና ያወርዳል፣ ይጭናል፤ ሌላው ሁለት ሆኖ የሚያነሳውን እሱ ብቻውን ይዞት ይሄዳል። ምኑም እንደ ሌላ ሰው አልነበረም። ሲበላም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ እናታችን ገንፎውን ስታቀርብ እኛን አስቀድማ ነበር የምታበላው።

መንደራችን ከከሚሴ በላይ ዳገቱ ላይ ናት፤ መኪና አይወጣባትም። የታመመ፣ ምጥ የያዛት፣ የሞተም ቢሆን የሚሄደው በሰው ትከሻ ነው። ለዚህ ነው ቅሬ ያለን። ቅሬ የመንደሩ ሰው በሙሉ ያለበት ማኅበር ነው፤ የታመመን በቃሬዛ አስፋልቱ ድረስ ያወርዳል፣ የሞተን ይቀብራል። ተጠርቶ የቀረ ወንድ ይቀጣል። ደጋግሞ የቀረማ እሳት ሊጭር ጎረቤት ቢሄድ የሚሰጠው የለም። ጀይላን ግን ጥሪ አይጠብቅም ነበር፤ ጩኸት ከሰማ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው ትቶ ይሮጣል። "አንተ፣ ሰው ባይታመም ምን ልትሆን ነው?" እያልኩ አሾፍበት ነበር።

ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ማሽላው ሊያሸት ሲል ግሪሳ ወፍ መጣና ጀይላን ማማውን ሊጠግን ወጣ። ማማ ማለት ወፍ ለመጠበቅ በእንጨት ላይ የምንሠራው ከፍ ያለ መቀመጫ ነው። አንዱ ባላ ተሰበረና በጎኑ ወደቀ። ወጌሻ መጣ፣ "ወለም ብሎት ነው" አለና አሸው፤ እንደገና አሸው፤ ክረምት መጥቶ እስኪወጣ ታሸ። ወንድሜ ግን እግሩን መሬት ማስረገጥ አቃተው። በመጨረሻ ቅሬው ተጠራና በቃሬዛ አስፋልቱ ድረስ አወረዱት፤ ከዚያ በመኪና ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ። ሚስቱ ዓዲላ አብራው ሄደች።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ፈረንጅ ሐኪም አየው። "የጭኑ አጥንት ራስ ደም አጥቶ ሞቷል። መውጣት አለበት። በምትኩ ብረት እናስገባለታለን" አለ። ብረቱን ለዓዲላ አሳይቷታል፤ እሷ ናት የነገረችኝ። አናቱ ላይ ድቡልቡል፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፤ ከሥሩ ረዘም ያለ ዘንግ። ድቡልቡሉ ዳሌው ውስጥ ይገጥማል፤ ዘንጉ መቅኔው ያለበት ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ሲሚንቶ በሚመስል ነገር ይያዛል። "ይህንን ሁሉ በቁሙ ባለ ሰው ላይ ያደርጉታል?" ብያት ነበር። "ተኝቶ ነው" አለችኝ።

ሲመለስ በሁለት እግሩ ዳገቱን ወጣ። ያ ረቢ፣ ያን ቀን! ያነከሰው ትንሽ ብቻ ነው። ሴቱ እልል አለ፤ የቅሬያችን ዳኛ ሙሐመድዘይን ዱዓ አደረጉ፤ ሁሉም ጭኑን ሊነካ ተጋፋ። "ሐኪሙ ምን አለህ?" ሲሉት፣ "ከዱሮው ይበረታል አለኝ። ብረት ነው እኮ!" አላቸው።

ዓዲላ አጠገቡ ቆማ መሬት መሬቱን ታያለች። ባል በሰው ፊት ሲናገር "ውሸት ነው" አይባል ነገር። ኋላ ምንጭ ስንወርድ ግን ሁሉንም ነገረችኝ። ሐኪሙ ያለው በነርሷ አፍ ተተርጉሞላቸው እንዲህ ነው፦ "ይህ ብረት የተሠራው እንድትራመድ ነው፤ እንድትሸከም አይደለም። በተራመድክ ቁጥር ዓይን በማያየው መጠን ይጎብጣል፣ መልሶ ይቀናል። ሸክም ስትጨምርበት የበለጠ ይጎብጣል። ላይኛው በኩል ከሲሚንቶው ከላላ፣ ታችኛው ደግሞ እንደተያዘ ከቀረ፣ መሐል ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ትጀምራለች። ከዚያ አንድ ቀን፣ ምንም ባልሆነ እርምጃ፣ ይሰበራል።" ሐኪሙ ይህን ብሎ ቀጭን ሽቦ አንስቶ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ ሲያጥፈው ቆይቶ ዓይናቸው እያየ በጠሰው።

"ሌላም ብሏል" አለችኝ ዓዲላ። "አጥንት ሲጎዳ ሰውየው ተኝቶ ያድራል፣ እሱም ቀስ እያለ ይጠግጋል። ብረት ግን አይጠግግም። የደረሰበትን ሁሉ እንደያዘ ይቀመጣል አለ።" ይህን ስትነግረኝ እንስራዬ ሞልቶ እየፈሰሰ ነበር፤ አላየሁትም።

ቀጥ ብዬ ወደ ጀይላን ሄድኩ።

"አንተ ሰው፣ ሐኪሙ ሸክም ከልክሎህ የለም?"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም ይንገረኝ። ከልክሎሃል አልከለከለህም?"

"ፈረንጅ የኛን አገር ምን ያውቃል? እሱ አገር ሬሳ በመኪና ነው የሚሄደው።"

"ብረቱስ? ብረቱ ይህ የከሚሴ ሰው ነውና ልቻለው ብሎ ያዝንልሃል?"

ሳቀ። እሱ ሲስቅ ደግሞ እኔ እብድ እላለሁ። "ረቢአ፣ ቃሬዛ ሲያልፍ ቤቴ ቁጭ ብዬ ካየሁ ያን ቀን እኔንም ቅበሩኝ" አለ።

"ወላሂ እቀብርሃለሁ!" አልኩት። ወዲያው አስተግፊሩላህ ብዬ አፌን ያዝኩ፤ ግን ተናድጄ ነበር።

የሚያናድደው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ቅሬያችን ጨካኝ አይደለም። ሽማግሌና በሽተኛ ከሸክም ነፃ ነው። "ሐኪም ከልክሎኛል" ቢል ያልቅ ነበር፤ መቃብር ቦታ ቀድሞ ሄዶ ውሃ ማቀበል ማንም ይችላል። እሱ ግን አላለም። ሰዉ ደግሞ "ብረት አይደክመውም" ብሎ አመነና ከበፊቱ የባሰ ቦታ ይሰጠው ጀመር። ቁልቁለት ሲወርዱ የቃሬዛው ክብደት ወደ ፊት ይመጣል፤ ከፊት ያለው ነው የሚጨነቀው። እዚያ ቦታ ላይ "ብረቱ ይግባ!" ይላሉ። እሱም ይገባል። ይኼን የሚያደርጉት የሚወዱት ሰዎች ናቸው፤ አላወቁም።

ዓመታት እንዲሁ አለፉ። እኔ እንኳ ፍርሃቴ እየቀነሰ መጣ። "ምናልባት እውነትም ይችለዋል" እላለሁ። ዓዲላ ግን አንድም ቀን አልረሳችውም። ጀናዛ ሊወጣ ነው ሲባል ኩታውን ትደብቅበታለች፤ ያለ ኩታ ይሄዳል።

ሰባ ሰባት ላይ ሰማዩ ዘጋብን። የዚያን ዓመት ነገር ማውራት አልወድም፤ ያየ አይቶታል። ጨፋ እንኳ፣ ያ ከብት የሚሰምጥበት ረግረግ፣ ደርቆ ተሰነጠቀ። ወጣቱን ብሔራዊ ውትድርና ወስዶታል፤ ከቀሩትም ብዙዎቹ ከነቤተሰባቸው ለሰፈራ ተጭነዋል። መንደራችን ውስጥ ሞት በየቀኑ ሆነ። በደጉ ጊዜ ጀናዛ ሲወጣ ሰዉ ብዙ ስለሆነ አንዱ ጥቂት ይሸከምና ሌላው ይቀበለዋል፤ ትከሻ ሳይደክም መቃብር ይደረሳል። አሁን ተቀባይ ጠፋ። ያነሱት አራቱ እነዚያው አራቱ ሆነው እስከ መጨረሻው ያደርሳሉ። ዛሬ ያደረሱት ናቸው ነገም የሚመጡት፣ በዚያ ላይ በባዶ ሆድ። ጀይላን ከአራቱ ቀርቶ አያውቅም፤ ሙሳና ሙህዲን የሚባሉት ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ።

በዚያን ጊዜ ነው ጭኑን መታመም የጀመረው። ከተቀመጠበት ሲነሳ የመጀመሪያዋን እርምጃ አይችላትም፤ በሩን ወይ ግድግዳውን ይዞ ቆም ይላል፣ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ከዚያ ይሄዳል። ጥቂት ከሄደ በኋላ ደህና ነው። "ቁርጥማት ነው" ይላል። ዓዲላ ጥቁር አዝሙድ በቅቤ አድርጋ ታሸዋለች፤ እያሸች ታለቅሳለች። እሷ የሐኪሙን ቃል ታውቃለች፤ ብረቱ ላልቷል። "ለሙሐመድዘይን ንገራቸው፤ እኔ ልንገርልህ" ስትለው፣ "ማን ይተካኝ? አንድ ሰው ጥሪልኝና ልቅር" አላት። ስም የምትጠራው ሰው አጣች። ወላሂ እኔም ቆጥሬ አጣሁ።

ከዚያ ሙሄ ሞተ። ሙሄ ከእኛ ጓሮ በታች የሚኖር፣ ከጀይላን ጋር አብሮ ያደገ፣ የቅሬ ሸክም ላይ ሁልጊዜ አብረውት ከሚሆኑት አንዱ ነው። እሱም የሞተው እንደሌላው በዚያው ዓመት ነገር ነው። ጀይላን ከሁሉም ቀድሞ ተነሳ። ዓዲላ በሩ ላይ ቆመች። በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ዞር አደረጋትና ወጣ።

እኛ ሴቶች ቀብር አንሄድም፤ ከግቢዬ ሆኜ መንገዱን አያለሁ። አራቱ ጀናዛውን ይዘው ቁልቁለቱን ጨረሱ፣ ሜዳው ላይ ደረሱ። ጠጠር የለም፣ ጉድጓድ የለም፣ አላደናቀፈውም። ጀይላን አንድ እርምጃ ተራመደና ከጉልበቱ በላይ ያለው እግሩ ሌላ ቦታ ሄደ። ወደቀ። ሦስቱ ቃሬዛውን ይዘው ተንገዳገዱ፤ አንዱ ጫፉ መሬት ነካ፤ መልሰው አነሱት። ድምፁን እኔ ካለሁበት አልሰማሁም። ቃሬዛውን የያዙት ግን ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ከጭኑ ውስጥ ሰምተዋል። ጮህኩ፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

ሙሄን ቀብረው ሲመለሱ ቃሬዛውን አጠገቡ አስቀመጡለት። እምቢ አለ። "በቅሎ አምጡ" አለ። የሙሳ በቅሎ መጣች፤ በዚያ በተሰበረ ጭን ላይዋ አወጡት፤ ኩታውን ነክሶ ቤቱ ደረሰ። ሲያወርዱት ራሱን ስቶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። እግሩ አጥሯል፤ ጣቶቹ ወደ ውጭ ዞረዋል። ደሴ መሄድ አለበት፤ ይህን ያልተማርኩት እኔም አውቃለሁ። በበቅሎ ግን ዳግመኛ ቢወጣ ይሞታል። ሙሐመድዘይን ቃሬዛውን ይዘው ውጭ ቆመዋል። ጀይላን ግድግዳውን እያየ "አልሄድም" ይላል። ዓዲላ ለምናው ለምናው ደክሟት ተቀምጣለች።

"ማል ታቴ?" አልኩት። ምን ሆንክ ማለቴ ነው፤ የእናታችን ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ ስንጨነቅ እሱ ነው የሚመጣልን። "ቁርጡን ንገረኝ። መሞት ነው የፈለግከው?"

"የዛን ጊዜ፣ ከማማው የወደቅኩ ጊዜ፣ በቃሬዛ ስታወርዱኝ ራሴን አልሳትኩም ነበር" አለኝ።

"እና?"

"ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር የሳትኩ መሰላቸው። መሐል መንገድ ላይ ሙሄ አጉተመተመ። 'ምነው አላህ ወይ በወሰደው ወይ ባቀለለው' አለ።"

ሙሄ! ትናንት የተቀበረው ሙሄ።

"አልተቀየምኩትም" አለ ጀይላን ፈጠን ብሎ። "እውነቱን ነው፤ ከባድ ነበርኩ። ሌላ ሰው ስሸከም ኖሬ ለሰው እንዲህ እንደምከብድ አላውቅም ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ነገር አልፈራሁም፤ ሸክም መሆንን ነው የፈራሁት። ሐኪሙ ሲከለክለኝ ሰምቼዋለሁ። በደንብ ገብቶኛል። ግን አንዴ ካረፍኩ በቃ፣ ሁልጊዜ ቃሬዛው ላይ የምተኛው እኔ መሆኔ ነው። ትናንት ሙሄን አንድ ቃል ሳላጉተመትም ላደርሰው ብዬ ነበር።" ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። "እሱንም ጣልኩት።"

"አልጣልከውም። ቀብረውታል።"

"አሁን የሚሸከሙኝን አይተሻቸዋል? ሙሳ ቆሞ ነው የሚተኛው። ሙህዲን ትናንት ምን እንደበላ ጠይቂው። እነዚህ ላይ ልጫን?"

ዓዲላ ነች የተነሳችው። ወደ ደጅ ወጣችና ሙሐመድዘይንን "ስንት ሰው አላችሁ?" ብላ ጠየቀቻቸው።

እሳቸው፣ ሙሳና ሙህዲን። ሦስት። እሳቸው ደግሞ ሽማግሌ ናቸው። ሌላው የለም፤ ግማሹ እርዳታ እህል ለመቀበል ከሚሴ ወርዷል፣ ግማሹ ታሟል።

"አራተኛው እኔ ነኝ" አልኩ።

"ሴት ቃሬዛ አትሸከምም፣ ረቢአ" አሉኝ። ቁጣ አይደለም፤ እንዲህ ተደርጎ አያውቅማ።

"አንቱ፣ እንስራ ተሸክሜ ይህን ዳገት ስወጣ ማን ከለከለኝ? የማገዶውን እንጨት ማን ተሸከመው? ይህ ጀናዛ አይደለም። ወንድሜ ነው፤ በሕይወት አለ፤ እንዲቆይም እፈልጋለሁ።"

ዓዲላ መቀነቷን አጠበቀችና ቃሬዛው ሥር ገባች። አምስት ሆንን። ሙሐመድዘይን "ቢስሚላህ በሉ" አሉ። ጀይላን "አይሆንም፣ አይሆንም" እያለ አነሳነው።

የደሴውን አሁኑኑ ልንገራችሁና ልገላገል። ራጁ ላይ ብረቱ መሐሉ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ታየ። ላይኛው ግማሽ ላልቶ ዘምሟል፤ ታችኛው አጥንቱ ውስጥ እንደተቸነከረ አለ። ወጣቱ ሐኪም ያለው ሁሉ ዓዲላ ምንጭ ላይ ከነገረችኝ ጋር አንድ ነው። ላይኛውን አወጡለት። ታችኛውን የሚያወጣ መሣሪያ እዚያ አልነበረም፤ የሚያውቅበት ፈረንጅም ወደ አገሩ ሄዷል። ስለዚህ ግማሹ ብረት ዛሬም አብሮት ነው። በሁለት ምርኩዝ ይሄዳል፤ አንድ እግሩ አጭር ነው። ኩንታል ዳግመኛ አላነሳም።

እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለግኩት መንገዱን ነው። ከቤቱ ስንወጣ ቀሎኝ ነበር፤ ንዴት ስለነበረብኝ ይመስለኛል። ቁልቁለቱ ሲጀምር ክብደቱ ወደ ፊት መጣ። ከፊት ሙሳና እኔ ነን። ሙህዲን ከኋላ "ጀባዳ! በርቱ!" ይላል፤ ድምፁ ራሱ መበርታት የሚያስፈልገው ነው። ትከሻዬ መጀመሪያ አቃጠለኝ፣ ከዚያ ደነዘዘ፣ ከዚያ የኔ አልመስል አለኝ። ሆዴ ውስጥ ምንም የለም። እና ያቺ የሙሄ ቃል፣ ያቺው ራሷ፣ ጉሮሮዬ ላይ መጣች። ወንድሜ ነው እኮ! በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ነው! መጣች፤ ምን ላድርግ? ያን ጊዜ ሙሄን አወቅኩት። ክፋት አልነበረም። እንዲህ ሲሆን የሚናገረው ትከሻ ነው፤ ሰውየው አይደለም።

ዞር ብዬ ጀይላንን አየሁት። ዓይኑን ጨፍኗል፣ ጉንጩ ተነፍቷል፣ ደረቱ አይንቀሳቀስም። የሞተ መሰለኝ። ለካ ትንፋሹን ይዞ ነው። እንዲቀለን! ያ ግዙፍ ሰውዬ ለእኛ እንዲቀል ብሎ ትንፋሹን ይዟል።

"ጀይላን፣ ተንፍስ!" ብዬ ጮህኩበት።

"አውርጂኝ፤ ከብጃችኋለሁ" አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ከኋላዬ ያሉት ሁሉ "ኧረ አልከበድክም" እንድለው የጠበቁ ይመስለኛል። እኔ ግን ያን ያህል ዓመት ያንገበገበው ነገር በውሸት እንደማይወጣ ገባኝ።

"አዎ፣ ከብደሃል!" አልኩት። "ትከሻዬን ገነጠልከው። ከሙሄም ሰምተሃል፣ ከእኔም ስማው፤ ከባድ ነህ። ግን አናወርድህም። ሰማኸኝ? ከባድ ነህ፣ አናወርድህም።"

ዓዲላ "አናወርድህም" አለች ከኋላ። ሙሳም አለው።

ጀይላን እንደ ልጅ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ሲያለቅስ ትንፋሹን ለቀቀው፤ ቃሬዛውም ከእሱ ጋር ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። እኛም ሳናቆም ወደ አስፋልቱ ወረድን።